ጠዋት የማትነሳው መኪና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን። በዚህ ዓምዳችን ለቤተሰብ የሚጠቅም የእጅ ሙያ እያነሣን እንጨዋወታለን። የዛሬውን ርእስ ያገኘነው ከሰሜን ሸዋ፣ ከግሼ ወረዳ፣ ከራቤል ከተማ አንድ ወጣት ወንድማችን ከላከልን ደብዳቤ ነው።

ወንድማችን የሚነዳው አባቱ ሁለት በሬና ጥቂት በግ ሸጠው፣ ከዘመድም ተበድረው የገዟትን አሮጌ ኮሮላ ነው። የቤቱ መተዳደሪያ እሷው ናት። መኪናይቱ ቀን ቀን ምንም አይላትም፤ ሌሊቱን ቆማ ካደረች ግን ጠዋት አትነሳም። ሞተሪኖው ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ግን አይዝም። በኅዳር ወር፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ባደረገበት አንድ ማለዳ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ጎረቤታቸው በሩን አንኳኳ፤ ባለቤቱን ምጥ ይዟታል፣ ወደ መሃል ሜዳ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ወንድማችን ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ መኪናይቱ እምቢ አለች። በመጨረሻ ባትሪው ደከመ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ገፍቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ እንደምንም ተነሳች። አልሐምዱሊላህ፣ እናትም ልጅም በሰላም ተገላገሉ። እሱ ግን «ያቺን ሰዓት ሳስብ እስከ ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል» ይላል።

ከዚያ በኋላ ያደረገውንም ጽፎልናል። አንዱ ባትሪ ነው ሲለው ባትሪ ለወጠ። ሌላው ካንዴላ ነው ሲለው ካንዴላ ለወጠ። ሦስተኛው የቤንዚን ፓምፕ ነው ብሎ አዲስ ፓምፕ ገጠመለት፤ ለዚህም የሁለት ወር ገቢው አለቀ። መኪናይቱ ግን ያው ናት። «አሁን ደግሞ ምን ልለውጥ?» ሲል ጠይቆናል።

መልሳችን አጭር ነው፦ ከእንግዲህ ምንም አትለውጥ፤ መጀመሪያ አስለካ። ሐኪም የሕመምተኛውን ሙቀት ሳይለካ መድኃኒት ቢያዝ ምን እንላለን? የመኪናም ነገር እንደዚሁ ነው። በግምት ዕቃ መለወጥ የገንዘብም የጊዜም ብክነት ነው፤ ገንዘብን ማባከን ደግሞ ሃይማኖታችን የሚጠላው ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ቤንዚኑ ሞተሩ ዘንድ እንዴት ይደርሳል?

ችግሩን ለማወቅ መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ። የወንድማችን ዓይነት በኢንጀክተር የሚሠራ የቤንዚን መኪና ላይ፣ ፓምፑ ያለው ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው። ፓምፑ ቤንዚኑን ይገፋና በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልከዋል። ኢንጀክተሮቹ እንደ ጉም አድርገው ወደ ሞተሩ ይረጩታል። ከኢንጀክተሮቹ መስመር ጫፍ ላይ ደግሞ የግፊት መቆጣጠሪያ አለ፤ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ትርፉን ቤንዚን በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመልሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛው ሞተሩ ሲሠራ ያለው ግፊት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መስመሩ ውስጥ ተይዞ የሚቀረው ግፊት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል፤ የጠዋቱ ችግር ግን ብዙ ጊዜ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። ፓምፑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሥራዋ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ወደ ታንኩ እንዳይመለስ መዝጋት ነው። እሷ፣ የግፊት መቆጣጠሪያውና ኢንጀክተሮቹ በደንብ ከዘጉ፣ መኪናው ቆሞ ሲያድር መስመሩ ቤንዚን እንደሞላ ይቆያል። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ቤንዚን ያገኛል። ከሦስቱ አንዱ ካፈሰሰ ግን መስመሩ ባዶውን ያድራል፤ ጠዋት ፓምፑ መስመሩን እንደገና እስኪሞላ ሞተሪኖው በከንቱ ይለፋል።

ደጋው ለምን ያብሰዋል?

ራቤልን የሚያውቅ ብርዱን ያውቃል። ከታርማበር ተገንጥሎ በሞላሌና በወገሬ በኩል ወደ መሃል ሜዳ የሚዘልቀው መንገድና ከዚያም ወዲያ ያለው የመንዝና የግሼ አገር ደጋ ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ተን የሆነው ነው። በብርድ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ ከወትሮው የበለጠ ቤንዚን ይፈልጋል። ባትሪም በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሞተሪኖው የደከመ ባትሪን ሲስብ ለፓምፑ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ያንሳል፤ ፓምፑም ይዝላል። ስለዚህ ቆላ ላይ ማንም የማያስተውለው ትንሽ ጉድለት፣ ደጋ ላይ መኪናውን ያቆመዋል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሞተሪኖው ሞተሩን በፍጥነት ያዞራል ወይ? እየተጎተተ የሚያዞር ከሆነ ጉዳዩ ባትሪ፣ የባትሪ ገመድ ጫፍ ወይም ራሱ ሞተሪኖው ነው፤ ወደ ቤንዚን አንሂድ።

ሁለተኛ፣ ካንዴላዎቹ እሳት ይሰጣሉ ወይ? ይህን ቤንዚን ያልፈሰሰበት ቦታ ላይ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ማሳየት ነው።

ሦስተኛ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ። ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ቁልፉን ለአራት ሰከንድ ያህል ብቻ አዙሮ መተው፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። በመጀመሪያው ጨርሶ ዝም ብሎ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ከተነሳ፣ መስመሩ ባዶውን አድሮ አሁን ሞላ ማለት ነው። ብዙ መኪና ላይ ቁልፉ ገና ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያንጎራጉር ከኋላ ይሰማል። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ፣ ቁልፍ ከፍቶ ድምፅ አልሰማሁም ብሎ ፓምፑን መኮነን ስሕተት ነው። ብዙ ደኅና ፓምፕ በዚህ ምክንያት ተጥሏል።

አራተኛ፣ በጌጅ ማስለካት። የግፊት መለኪያ ጌጅ የሚገጠመው ከፊልትሮው ወደ ኢንጀክተሮቹ በሚሄደው መስመር ላይ ነው። እንደ ወንድማችን ዓይነት ኮሮላ ላይ፣ ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው የምትሄደው ቀጭን የአየር ቱቦ ተነቅላና ጫፏ ተደፍኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ጌጁ ከ2.7 እስከ 3.1 ባር ማሳየት አለበት። ቱቦዋ ስትመለስ ወደ 2.1 እስከ 2.6 ባር ይወርዳል። ጌጁ በፒኤስአይ የተጻፈ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ያህል ነው። ሌላ ዓይነት መኪና የራሱ ልክ ስላለው የዚያን መኪና መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ግፊቱ ከልክ በታች ከሆነ የተዘጋ ፊልትሮ፣ የደከመ ፓምፕ፣ ወይም ለፓምፑ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ማነስ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን ከመለወጥ በፊት ፓምፑ ሶኬት ላይ ኤሌክትሪኩን መለካት ይገባል፤ የዛገ ሶኬት ወይም የላላ የመሬት ገመድ ደኅናውን ፓምፕ ደካማ ያስመስለዋል። ግፊቱ ከልክ በላይ ከሆነ ደግሞ መመለሻው ቱቦ ተዘግቷል ወይም መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል። የአየር ቱቦዋን ነቅላችሁ ውስጧ ቤንዚን ካገኛችሁ፣ የመቆጣጠሪያው ሽፋን ተቀዷል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አምስተኛ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጌጁን መጠበቅ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 1.5 ባር መቅረት አለበት። ቶሎ ወደ ዜሮ ከወረደ መስመሩ አንድ ቦታ ያፈሳል። የትኛው ቦታ? ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ ሲያጠፉ ወዲያው የመመለሻውን የጎማ ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ መቆንጠጫ ማፈን። ግፊቱ መውረዱን ካቆመ ጥፋተኛው መቆጣጠሪያው ነው። ካላቆመ በሌላ ጊዜ ከታንኩ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ማፈን። አሁን ካቆመ፣ ቤንዚኑ ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው። ሁለቱም ታፍነው አሁንም ከወረደ ኢንጀክተር ያንጠባጥባል፤ ይህም ጠዋት ሲነሳ በጥቁር ጭስና በቤንዚን ሽታ ይታወቃል። ጎማው ያረጀና የተሰነጠቀ ቱቦ ግን አይታፈንም፤ ይቀደዳል።

የወንድማችን መኪና ምን ተገኘባት?

ይህንኑ ጽፈን ላክንለት። ጌጅ ያለው መካኒክ ፍለጋ እስከ ደብረ ብርሃን ወረደ። ሞተሩ ሲሠራ ግፊቱ ልክ ነው፤ ሲጠፋ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዜሮ ገባ። መመለሻው ሲታፈን ምንም ለውጥ የለም። ከታንኩ የሚመጣው ሲታፈን ጌጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንግዲህ ቤንዚኑ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ፓምፑ ግን አዲስ ነው!

ታንኩ ተከፈተ። ፓምፑን ከብረቱ ቱቦ ጋር የምታገናኝ አንዲት ስንዝር የማትሞላ ጎማ አለች። አዲሱ ፓምፕ ሲገጠም አሮጌዋ ጎማ ሳትለወጥ ቀርታለች፤ ከጫፏ ተሰንጥቃለች፣ ማሰሪያዋም ላልቷል። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ከሚያፈሰው በላይ ስለሚገፋ አይታወቅም፤ ሲጠፋ ግን ግፊቱ በዚያች ስንጥቅ ያመልጣል። ቤንዚን ውስጥ ተነክራ እንድትኖር የተሠራች አዲስ ጎማ ከነማሰሪያዋ ተገጠመች። እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያለብን፣ ማንኛውም ጎማ እዚያ አይገባም፤ ተራው የቤንዚን ጎማ በውጭ ይሠራል እንጂ ታንክ ውስጥ ሲነከር ያብጣል፣ ይበጣጠሳል። በማግስቱ ጠዋት ራቤል ላይ መኪናይቱ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። የሁለት ወር ገቢ ያልፈታውን ነገር አንዲት ቁራጭ ጎማ ፈታችው።

ስለ መካኒኩስ?

ወንድማችን ተቆጥቷል። ፓምፑን የገጠመለትን ጋራዥ ስም በመጽሔታችን እንድናወጣለት ጠይቆን ነበር። አላወጣንም። በመጀመሪያ የምንሰማው የአንድ ወገን ቃል ነው። ሁለተኛም ሂደህ ራሱን አነጋግረው አልነው። መብትን ለመጠየቅና ሰውን ከጉዳት ለማስጠንቀቅ የሚነገረውን ዑለሞች ከሐሜት ለይተው አስቀምጠውታል፤ ቢሆንም ባለቤቱን ሳያናግሩ ስሙን አደባባይ ማውጣት ከወንድማማችነት የራቀ ነው። ሄደ፤ የተሰነጠቀችውንም ጎማ ይዞ ሄደ። «ጋሼ፣ ይህችን እዩልኝ» አላቸው። ሰውየው አገላብጠው አይተው ዝም አሉ። ከዚያም «ልጄ፣ ቸኩዬ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውፍ በለኝ» ብለው የሠሩበትን ዋጋ መለሱለት። ጌጅም እገዛለሁ ብለዋል። ስማቸውን ብናወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ይገኝ ነበር?

የሙያ ባለቤቶች ሆይ! ደንበኛው ታንኩ ውስጥ ያለውን አያይም፤ የሚያምነው የእናንተን ቃል ነው። ይህ አማና ነው። የማታውቁትን አላውቅም ማለት አያሳፍርም። አሮጌውን ዕቃ ለባለቤቱ መልሶ ማሳየትም መልካም ልማድ ነው።

ካርቡራቶርና ናፍጣ ያላችሁ

እንደ ዲኤክስ ያለ የካርቡራቶር መኪና ላይ የፓምፑ ግፊት በጣም ትንሽ ነው፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ ይበቃዋል። የጠዋት ችግሩ ብዙ ጊዜ የካርቡራቶሩ ጋን ደርቆ ማደሩ ወይም የብርድ ማስነሻው አለመዘጋቱ ነው። እነዚህ መኪኖች በተቃራኒው በሙቀትም ያስቸግራሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የጋለ ሞተር አቀበት ላይ ሲቆም ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተን ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። መድኃኒቱ ኮፈኑን ከፍቶ እስኪበርድ መታገሥ ነው።

የናፍጣ መኪና ጠዋት ካልነሳ ሁለት ነገር ይታያል፤ የማሞቂያ ካንዴላዎቹና በመስመሩ ውስጥ የገባ አየር። ፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ተመቶ ሲጠነክር መኪናው ከተነሳ አየር የሚያስገባ የላላ ቦታ አለ። አዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ግን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይሠራሉ። ይህ ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል። በምንም ምክንያት በሥራ ላይ ያለ ቱቦ እንዳትፈቱ፣ የሚያፈሰውንም በእጅ እንዳትፈልጉ።

ቤንዚኑ ራሱስ?

ቤንዚን በጀሪካን እየተቀዳ በሚሸጥበት ቦታ ሌላ ጣጣ አለ፤ አቧራ፣ ውሃ፣ አንዳንዴም ላምባ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይቀመጣል፤ ፓምፑ መጀመሪያ የሚስበው እሱን ነው። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ቤንዚን በጠራ ብርጭቆ ቀድቶ ማቆየት ነው፤ ውሃው ከሥር ለይቶ ይታያል። ነዳጅን ከባዕድ ነገር መቀላቀል በ2017 ዓ.ል በወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ያስቀጣል። ለኛ ግን ከአዋጁም በፊት ትምህርት ነበረን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ ሻጩ ዝናብ መታው ቢላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው እንዲህ ያለውን ማታለል አጥብቀው አወገዙ። ከሥሩ ውሃ ያለበት ጀሪካንስ ከዚያ በምን ይለያል?

ታንኩን ሁልጊዜ ባዶ አፋፍ ላይ አታድርሱት። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው፤ ቤንዚኑ ሲያልቅ ይግላል፣ ቶሎም ይሞታል። በብርድ አገር ደግሞ ባዶ ታንክ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ጠል ይሆናል። ከፍ አድርጎ ማሳደር ይሻላል። ከጥር 2016 ዓ.ል ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ እንግዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

የቤንዚን ቱቦ ከመፈታቱ በፊት የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሶኬት ነቅሎ ሞተሩን እስኪጠፋ ማሠራት፤ ከዚያም የባትሪውን ነጌቲቭ መፍታት። ሲጋራ፣ ኩራዝ፣ ከሰል የሚነድበት ቦታ አጠገብ ፈጽሞ አይሠራም። ታንክ የሚከፈተው አየር በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ነው።

ወላጆችን በተለይ የምናሳስበው ቤንዚን በአፍ በቱቦ መሳብን ነው። ልጆች ከታላላቆቻቸው አይተው ያደርጉታል። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ብቻ ሰው ሊገድል ይችላል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ሲወጣ ሳንባውን ዳግም ያገኘዋልና። ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ቤንዚንንም በውሃ ኮዳ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ለማጠቃለል፣ ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ ነግረውታል። የዛሬው ግመላችን ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያድረው መኪና ነው። ሌሊት ማን በሩን እንደሚያንኳኳ አናውቅም፤ ምጥ የያዛት እናት ልትሆን ትችላለች። ወንድማችን አሁን ማታ ማታ ታንኩን አይቶ፣ የባትሪውን ጫፍ ነካክቶ ነው የሚተኛው። ጎረቤቱ ደግሞ የተወለደውን ልጅ ሲያቅፍ «ይህ እንኳ በግፊ የመጣ ነው» እያለ ይስቃል።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፤ እጃችንንም ለአማና ያበርታልን። አሚን።